ከዐይን ጀምሮ ወደ ትንፋሽ የሚወርድ ሽባነት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፦

በሰሜን ሸዋ ከደጋው ወደ ቆላው በሚወርደው መንገድ ዳር ባለ አንድ ጤና ጣቢያ በጤና መኮንንነት ለብዙ ዓመታት አገልግያለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ በሥራ ዘመኔ አንድ ጊዜ ብቻ ስላጋጠመኝና በመጀመሪያው ቀን ሳላውቀው ስላሳለፍኩት ሕመም ነው። ሕመሙ ቦቱሊዝም ይባላል። ከስንት አንዴ የሚመጣ በመሆኑ አብዛኞቻችን በትምህርት ቤት አንድ ገጽ አንብበንበት እንረሳዋለን፤ በሽተኛው ፊታችን ሲቀመጥ ግን ለማሰብ የሚሰጠን ጊዜ በሰዓት የሚቆጠር ነው። ስለዚህ በወረዳ ጤና ጣቢያዎች ለሚሠሩ ባልደረቦቼም፣ በሽተኛን በቃሬዛ ተሸክመው ለሚያመጡ ቤተሰቦችም ይጠቅማል ያልኩትን ለመጻፍ ተነሣሁ።

ነገሩ የሆነው በአንድ የጾም ወቅት ነው። ወደ ሃምሳ ዓመት የሚጠጉ ገበሬ ሆዳቸውን አሟቸው፣ ሁለት ጊዜ አስመልሷቸው ከሰዓት በኋላ መጡ። አፋቸው መድረቁንና ዐይናቸው ብዥ ማለቱን ነግረውኝ ነበር። እኔ ግን ትውከቱ ፈሳሻቸውን ስላሟጠጠው ነው ብዬ የጨጓራ መድኃኒትና ኦ አር ኤስ ሰጥቼ ሸኘኋቸው። ቤተሰቡም ምች ነው ብሎ ዳማ ከሴ አሽቶ አጠጣቸው። በማግሥቱ ጠዋት በሁለት ሰው ተደግፈው ሲመለሱ የሁለቱም ዐይናቸው ቆብ ወርዶ ነበር፤ ሰው ለማየት አገጫቸውን ወደ ላይ ቀና ማድረግ ነበረባቸው። ድምፃቸው በአፍንጫ እየወጣ ንግግራቸው ተድበስብሷል፤ ውኃ ሲጎነጩ በአፍንጫቸው ይመለሳል። አእምሯቸው ግን ፍጹም ንጹሕ ነው። የልጆቻቸውን ስም፣ ዕለቱን፣ የወሩን በዓል ሳይቀር ሳይሳሳቱ ይነግሩኛል። ትኩሳት የላቸውም፤ የደም ግፊታቸውም ደኅና ነው። አንድ ባልደረባዬ ስትሮክ ነው አለ፤ እኔም ለመስማማት ቀርቤ ነበር። የነቃሁት አብራቸው የመጣችው ልጃቸው፣ «እኔም ከማታ ጀምሮ አንዱን ሰው ሁለት አድርጌ ነው የማየው» ስትል ነው። ስትሮክ በአንድ ሌሊት ከአባት ወደ ልጅ አይሻገርም።

አባትና ልጅ ከሁለት ቀን በፊት ያልተበሰለ የቃሪያና የነጭ ሽንኩርት ዳጣ በልተዋል። ዳጣው ዘይት ከላይ ፈስሶበት፣ አፉ በጥብቅ ተከድኖ ለሳምንታት የተቀመጠ ነበር። ምግቡ ስላልተመረመረ ጥፋቱ የዳጣው ነው ብዬ መደምደም አልችልም፤ የደም ምርመራም አልተደረገላቸውም። አንድ ሐኪም ግን ውሳኔውን የሚሰጠው በፊቱ ካለው ሰው ነውና ሁለቱንም በአንድ አምቡላንስ ሪፈር ጻፍንላቸው። እኔም አብሬ ተሳፈርኩ። መንገዱ ሳያልቅ የሰውየው ትንፋሽ ደከመ፤ እስክንደርስ ድረስ አምቡ ባግ በሚባለው፣ በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚያስገባ ከረጢት እየነፋን አደረስናቸው። በተላኩበት ሆስፒታል ለብዙ ሳምንታት በመተንፈሻ መሣሪያ ቆዩ። ለሕመሙ የሚሰጠውን ፀረ መርዝ አላገኙም። የዳኑት ሌላ ሰውና ማሽን ስለተነፈሱላቸው ነው። ልጃቸው ከዐይኗ ችግር በቀር ሳይብስባት ተሻላት። ጋሼ ከወራት በኋላ በእግራቸው ወደ ጤና ጣቢያው መጥተው የነገሩኝ ቃል ከጆሮዬ አይጠፋም፦ «ሁሉንም እሰማችሁ ነበር። ወንድሜ ሞተ ብሎ ሲያለቅስ እየሰማሁ፣ አለሁ የምልበት ጣት አጣሁ።»

ቦቱሊዝምን የሚያመጣው ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የተባለ ባክቴሪያ የሚያመነጨው መርዝ ነው። ባክቴሪያው በአፈር ውስጥ በዘር መልክ ደርቆና ተሸፍኖ ለዘመናት ይኖራል፤ በአትክልት፣ በሥራ ሥርና በሽንኩርት ላይ ተጣብቆ ወደ ቤታችን ይገባል። ጤነኛ ጎልማሳ ይህን ዘር ቢውጠው በአብዛኛው አይጎዳውም። ዘሩ አየር የሌለበት፣ ጎምዛዛነቱና ጨውነቱ አነስተኛ የሆነ፣ ያልቀዘቀዘ እርጥብ ቦታ ሲያገኝ ግን ይነቃል፤ ይራባል፤ መርዙንም ያመነጫል። ይህ መርዝ እስካሁን ከሚታወቁት መርዞች ሁሉ እጅግ ኃይለኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። በደም ተጉዞ ነርቭ ከጡንቻ ጋር ወደሚገናኝበት ቦታ ይደርስና ነርቩ አሴቲልኮሊን የተባለውን መልእክተኛ ቅመም እንዳይለቅ ያግደዋል። አንጎል ያዝዛል፣ ነርቭም ትእዛዙን ያመጣል፣ ጡንቻው ግን አይሰማም። የዚህ ባክቴሪያ የቅርብ ዘመድ መንጋጋ ቆልፍ ብለን የምንጠራውን ቴታነስን የሚያመጣው ነው። ቴታነስ ጡንቻን ያገትራል፤ ቦቱሊዝም ያልፈሰፍሳል። ቴታነስን በአገራችን ያላየ የጤና ባለሙያ ስለሌለ፣ ለጀማሪ ባለሙያዎች ሳስረዳ የምጠቀመው ይህንኑ ንጽጽር ነው።

ባክቴሪያው የታወቀበት ታሪክም ከማኅበራዊ ማዕድ ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 ኤልዜል በምትባል የቤልጅየም መንደር ለቀብር የመጡ ሙዚቀኞች በጨው የተቀመጠ የአሳማ ሥጋ በልተው 34ቱ ታመሙ፤ ሦስቱ ሞቱ። ኤሚል ቫን ኤርመንገም የተባለው ተመራማሪ ባክቴሪያውን ያገኘው ከዚያ ሥጋና ከሟቾቹ አካል ነው። ስሙም የመጣው ቋሊማ ከሚል የላቲን ቃል ነው፤ ከዚያ ቀደም ሲል በጀርመን አገር በቋሊማ መመረዝ ሰዎች ይሞቱ ነበርና።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ሕመሙ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው መርዙ ያለበት ምግብ ከተበላ ከ12 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ከጥቂት ሰዓታት በኋላም፣ ከሳምንት በላይ ዘግይቶም ሊጀምር ይችላል። መጀመሪያ ማቅለሽለሽ፣ ትውከትና የሆድ ቁርጠት ሊኖር ይችላል፤ ተቅማጥ ቢኖርም ኋላ ላይ የሚበዛው ድርቀት ነው። ቀጥሎ አፍ ምራቅ እስኪያጣ ይደርቃል፤ ዐይን ብዥ ይላል፤ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያል፤ የዐይን ቆብ ይወርዳል፤ የዐይን ብሌን ይሰፋና ለብርሃን መታዘዝ ይቀንሳል። ከዚያ ምላስና ጉሮሮ ይሰንፋሉ፤ ንግግር ይድበሰበሳል፤ መዋጥ ያቅታል። አንገት ራስን መሸከም ይሳነዋል። ድካሙ ከትከሻ ወደ ክንድ፣ ከክንድ ወደ ደረትና ወደ እግር ይወርዳል። ግራና ቀኙን እኩል ይይዛል፤ ሁልጊዜም ከላይ ወደ ታች ነው። ትኩሳት የለም፤ የቆዳ ስሜት አይጠፋም፤ አእምሮ አይናወጥም። በአእምሮው ንጹሕ የሆነ፣ ትኩሳት የሌለው ሰው ሁለቱም ዐይኖቹ ከደከሙና መዋጥ ካቃተው፣ ሌላ ምክንያት እስኪገኝ ድረስ ቦቱሊዝም ነው ብሎ መነሣት ከስህተት ሁሉ የሚሻለው ስህተት ነው።

በእኛ አካባቢ ይህ ሕመም የሚጠፋባቸው ብዙ ስሞች አሉ። ምላሱ የተሳሰረና የሚንገዳገድ ሰው አረቄ ጠጥቶ ነው ተብሎ ግድግዳ ሥር ይተኛል። የስትሮክ በሽተኛ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጎኑ ነው የሚጎዳው። ጊላን ባሬ የተባለው የነርቭ ሕመም በአብዛኛው ከእግር ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ መደንዘዝና መጠቅጠቅም አለው። በዐይን የሚጀምር ዓይነት ስላለው ግን ጠንቃቃ ሐኪምን እንኳ ሊያሳስት ይችላል። ማያስቴኒያ ግራቪስ የተባለው የጡንቻ መድከም ሕመምም የዐይን ቆብ ይጥላል፤ ነገር ግን ከሥራ ጋር እየባሰ፣ ከዕረፍት ጋር እየተሻለ ለሳምንታትና ለወራት የሚመላለስ ነው እንጂ በአንድ ሌሊት አይወርድም፤ ብሌንንም አይነካም። የአዝመራ ፀረ ተባይ መድኃኒት የጠጣ ሰው ቦቱሊዝም የያዘው ሰው ተቃራኒ ነው ማለት ይቻላል። ምራቁ ይዝረበረባል፤ ብሌኑ እንደ መርፌ ቀዳዳ ይጠባል፤ ያልበዋል፤ ያስቀምጠዋል። እነዚህን ሳያዩ ለሰነፈ ጡንቻ ሁሉ የፀረ ተባይ መመረዝ ማርከሻ የሆነውን አትሮፒን መስጠት የበሽተኛውን አፍ ይበልጥ ከማድረቅ በቀር አይረዳውም። በአጥር ሥር የሚበቅለው አስተናግርም አፍን ያደርቃል፤ ብሌንን ያሰፋል፤ አስተናግር የበላ ሰው ግን ይቀባጥራል፤ የሌለ ነገር ያያል። ስለ ጓያ ደግሞ ለየት አድርጌ መናገር አለብኝ፤ ጓያ የሚዘራበት አገር ነውና «ሽባ ሆነ» ሲባል ሁሉም ሰው ጓያን ያነሣል። ጓያ ለረጅም ጊዜ ከተበላ በኋላ እግርን ያገትራል፤ ዐይንንና ጉሮሮን አይነካም፤ ትንፋሽንም አያቆምም። ዐይኑ የወደቀበትን ሰው ጓያ ነው ብሎ ቤት ማቆየት ለሞት አሳልፎ መስጠት ነው።

ሰው በቦቱሊዝም የሚሞተው ትንፋሹ ስለሚቆም ነው። መርዙ ከሳንባ ሥር ያለውን ዋና የመተንፈሻ ጡንቻ፣ ድያፍራምን፣ እንዲሁም የጎድን ጡንቻዎችን ሲይዝ በሽተኛው አይጮኽም፤ አይታገልም፤ ፊቱም ስለሰነፈ ጭንቀቱ አይታይም። ብዙ ባለሙያ የሚታለለው እዚህ ላይ ነው፤ ጸጥ ብሎ የተኛ ሰው የተሻለው ይመስላል። በጣት ላይ ተደርጎ የደምን ኦክሲጅን የሚለካው ፐልስ ኦክሲሜትር እንኳ መልካም ቁጥር እያሳየ ሳንባው መተንፈሱን ሊያቆም ሊቃረብ ይችላል፤ በተለይ ኦክሲጅን የተሰጠው ከሆነ በደም ውስጥ የሚጠራቀመውን የተቃጠለ አየር መሣሪያው አይነግረንም። ስለዚህ መሣሪያ በሌለበት የምንችለውን እናድርግ። በሽተኛው በደንብ አየር ስቦ በአንድ ትንፋሽ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያለ ይቁጠር። ጤነኛ ጎልማሳ ያለ ችግር ከ30 በላይ ይደርሳል። ከ20 በታች መውረድ የጀመረ፣ ወይም ትናንት 25 ቆጥሮ ዛሬ 15 ላይ የሚያቋርጥ ሰው የመተንፈሻ ቱቦ ሊገባለት ወደሚችልበት ቦታ ሳይውል ሳያድር መሄድ አለበት። ምላሱ ተሳስሮ መቁጠር ካቃተው፣ በጀርባው ተኝቶ ራሱን ከትራስ ማንሳት መቻሉን እንመልከት፤ ሳሉ ጉልበት እንዳለው እንስማ። ይህን በየሰዓቱ ጽፎ መያዝ ከማንኛውም መርፌ በፊት የሚቀድም ሥራ ነው።

መዋጥ ላቃተው ሰው ውኃም፣ ወተትም፣ ክኒንም፣ ጠበልም ቢሆን በአፍ መስጠት አይገባም፤ ወደ ሳንባው ይገባልና። ይህን በጥንቃቄ ነው የምናገረው፤ የጠበል ልጅ ነኝ፣ ጠበል ጠጥቼ አድጌአለሁ። በሽተኛን ከጠበል ለማራቅ አይደለም ይህን የምለው። ካህኑ ጸሎቱን ያድርሱለት፤ ጠበሉ በላዩ ይረጭለት፤ አምቡላንሱ ግን አይቁም። ትንፋሹ እየደከመ ያለን ሰው ሦስት ቀን፣ ሰባት ቀን እያሉ ማቆየት አይቻልም፤ ይህ ሕመም ሰባት ቀን አይሰጥም። የአካባቢያችን ካህናት ነገሩ ሲነገራቸው ይህን ተረድተው ራሳቸው ቤተሰቡን «ፍጠኑ» ሲሉ አይቻለሁና በእነርሱ ላይ ትልቅ ተስፋ አለኝ።

የመንገዱ ነገር ሊዘለል አይችልም። ከመሐል ሜዳ፣ ከሞላሌ ወይም ከዓለም ከተማ ተነሥቶ ጽኑ ሕሙማንን ወደሚቀበል ሆስፒታል ለመድረስ ሰዓታት ያስፈልጋሉ፤ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባም 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በነዚህ ሰዓታት ውስጥ ትንፋሽ ሊቆም እንደሚችል አስቦ የማይሄድ ሪፈር ሪፈር አይባልም። ከበሽተኛው ጋር አምቡ ባግ፣ በልኩ የሆነ ጭምብል፣ ኦክሲጅን፣ ምራቅና አክታ የሚመጥ መሣሪያ እንዲሁም በእጁ መንፋት የሚያውቅ ሰው አብሮ መሄድ አለበት። ተቀባዩ ሆስፒታል አስቀድሞ በስልክ ይነገረው፤ የመተንፈሻ መሣሪያ ባዶ መሆኑ ይረጋገጥ። መሣሪያ ወደሌለበት ቦታ ተልኮ ከዚያ ደግሞ ወደ ሌላ መላክ በሌላ ሕመም መዘግየት ነው፤ በዚህ ሕመም ግን ሕይወትን ማጣት ነው።

ለሕመሙ የተለየ መድኃኒት አለ፤ አንቲቶክሲን ወይም ፀረ መርዝ ይባላል። ከፈረስ ደም የሚዘጋጅ ሲሆን ሰባቱንም የመርዙን ዓይነቶች የሚይዘው ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ጸድቋል። ፀረ መርዙ የሚይዘው በደም ውስጥ ገና የሚዞረውን መርዝ ብቻ ነው፤ ነርቭ ውስጥ የገባውን አያወጣም፤ የሰነፈውንም ጡንቻ አያነሣም። ስለዚህ ሐኪሙ በምልክቱ እንደጠረጠረ ወዲያውኑ መሰጠት አለበት። የላቦራቶሪ ውጤት እስኪመጣ ድረስ የሚጠብቅ ሰው መድኃኒቱ ሊያግደው ይችል የነበረውን ሽባነት ቁጭ ብሎ እያየ ነው። ደምና ሰገራ ከፀረ መርዙ በፊት ይወሰድ፤ የተረፈው ምግብ ከነዕቃው ይቀመጥ፤ ሕክምናው ግን በዚያ አይታገት። ከፈረስ የተገኘ ስለሆነ ሰውነት ሊቆጣ ይችላልና ቀስ ተብሎ በደም ሥር ይሰጣል፤ አድሬናሊንም በእጅ ቅርብ ይሆናል።

ልጆቼ ለምላቸው ጀማሪ ባለሙያዎች ደጋግሜ የምነግራቸው አንድ ነገር አለ። በምግብ የመጣ ቦቱሊዝምን አንቲባዮቲክ አይፈውሰውም፤ የሚጎዳው መርዙ ነው እንጂ ባክቴሪያው አይደለምና። ይባስ ብሎ በየጤና ጣቢያው መደርደሪያ ላይ የማይጠፋው ጀንታማይሲን ራሱ ነርቭ ለጡንቻ የሚያስተላልፈውን ትእዛዝ ስለሚያዳክም ሽባነቱን ሊያከፋው ይችላል፤ ማግኒዥየም ሰልፌትም እንዲሁ። «ለማንኛውም» እየተባለ የሚወጋ ጀንታማይሲን ለዚህ በሽተኛ ትንፋሹን የሚቀማ መርፌ ሊሆን ይችላል። አንቲባዮቲክ የሚያስፈልገው ቦቱሊዝሙ ከቁስል የመጣ ሲሆን ነው። አፈር የገባበትና በውስጡ የተዘጋ ጥልቅ ቁስል ሲኖር ባክቴሪያው እዚያው እያደገ መርዙን ያመነጫል። ያን ጊዜ ቁስሉ ተከፍቶ ይጸዳል፤ ፀረ መርዙ ከተሰጠ በኋላ ፔኒሲሊን ወይም ሜትሮኒዳዞል ይሰጣል። ማረሻና አካፋ የእግር ጣት በሚቆርጥበት አገር ዐይኑ ሁለት የሚያይበትን ሰው ልብሱን አስወልቆ ቁስል መፈለግም ይገባል።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ የነርስ ሥራ ነው፤ ረጅምም ነው። መርዝ የዘጋው የነርቭ ጫፍ የሚተካው አዲስ ጫፍ በማብቀል ስለሆነ በሽተኛው ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ሊቆይ ይችላል። ምግቡ በአፍንጫ ቱቦ ይገባል፤ ሽንቱ በካቴተር ይወጣል፤ የመኝታ ቁስል እንዳያወጣ በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጣል፤ ዐይኑ ስለማይከደን እንዳይደርቅ ይቀባል፤ የእግሩ ደም እንዳይረጋ ይጠበቃል። ሞቷል ማለት ነው ብሎ ተስፋ የሚቆርጥ ቤተሰብ መሣሪያው ይነቀል ሊል ይችላል። ማወቅ ያለበት ይህን ነው፦ የመተንፈሻ መሣሪያ ባልነበረበት ዘመን ከአሥር በሽተኞች ስድስት ሰባቱ ይሞቱ ነበር፤ በጊዜው በታከሙበት ቦታ ዛሬ ከመቶ አምስት እስከ አሥር ብቻ ናቸው። የሚሰማ፣ የሚያስብ፣ የሚድን ሰው ነው አልጋው ላይ ያለው። ስሙን ጠርተን እናናግረው፤ ሰዓቱንና ቀኑን እንንገረው፤ ከመውጋታችን በፊት «ልወጋዎት ነው» እንበለው፤ የማስታገሻና የእንቅልፍ መድኃኒት አንንፈገው። በሐኪሞች ዙር ላይ «ይህ አይተርፍም» የሚለውን ቃል በአልጋው ራስጌ የሚናገር ሰው ጋሼ የሰሙትን ቢሰማ ኖሮ ዝም ይል ነበር።

አንድ በሽተኛ ሲገኝ መጠየቅ የሚገባው ቀጣዩ ጥያቄ «ከማን ጋር በላህ?» የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በግብፅ በፀደይ በዓል ፈሲኽ የተባለውን በጨው የተቀመጠ ዓሣ ከበሉት መካከል 91 ሰዎች ሆስፒታል ገብተው 18ቱ ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ በታይላንድ ናን ግዛት በአንድ የመንደር ሃይማኖታዊ በዓል ላይ በቤት ውስጥ በቆርቆሮ የታሸገ የቀርከሃ ቡቃያ የበሉ 209 ሰዎች ታመሙ። ከእነርሱ 42ቱ የመተንፈሻ መሣሪያ አስፈለጋቸው፤ መሣሪያ ከየሆስፒታሉ ተሰባሰበ፣ ፀረ መርዝ ከውጭ አገራት መጣ፣ አንድም ሰው አልሞተም። ሁለቱን ሳነጻጽር በዓይነ ሕሊናዬ የሚመጣው የእኛ ተዝካርና የማኅበር ማዕድ ነው። መቶ ሰው ከአንድ ድስት በሚቋደስበት አገር የመጀመሪያውን በሽተኛ በትክክል ማወቅ የሌሎቹን ትንፋሽ መጠበቅ ነው። ባለሙያው የወረዳውን ጤና ጽሕፈት ቤት በዚያው ቀን ያሳውቅ፤ አብረው የበሉትም ምንም ባይሰማቸው በክትትል ይቆዩ።

ስለ ምግቡ ጥቂት ልበል። አያቶቻችን ያወረሱን አብዛኛው የማቆያ ዘዴ ከዚህ ባክቴሪያ ጋር የሚስማማ አይደለም፤ ቋንጣው ደርቋል፣ ስልጆው ኮምጥጧል፣ በሶው ውኃ የለውም። ጎምዛዛነትና ድርቀት ዘሩ እንዳይነቃ ያደርጋሉ። የሚያሰጋው በቅርቡ የለመድነው ነው፤ ጥሬ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ፈጭቶ፣ ዘይት አልብሶ፣ ሃይላንድ በምንለው የውኃ ፕላስቲክ ውስጥ ጠቅጥቆና አፉን አጥብቆ ለከተማ ተማሪ ልጅ መላክ። ዘይቱ አየር ይከለክላል፤ ሽንኩርቱ ከአፈር የመጣ ነው፤ ፍሪጅ የለም። እ.ኤ.አ. በ1985 በካናዳ ቫንኩቨር በዘይት ውስጥ የተቀመጠ ነጭ ሽንኩርት በአንድ ምግብ ቤት 36 ሰዎችን መርዟል። እንዲህ ያለው ዳጣ በትንሹ ተዘጋጅቶ በጥቂት ቀን ውስጥ ቢበላ፣ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ቢበዛበት፣ በቀዝቃዛ ቦታ ቢቀመጥ ይሻላል። የተነፋ ቆርቆሮ ይጣል፤ መርዙ ያለበት ምግብ ግን ሁልጊዜ አይሸትም፣ ጣዕሙም ላይለወጥ ይችላልና ቀምሶ ለማረጋገጥ አይሞከር።

በማፍላት ረገድ ለደጋ ሰው የተለየ ማሳሰቢያ አለኝ። መርዙ በ85 ዲግሪ ሙቀት ከ5 ደቂቃ በላይ ከቆየ ይጠፋል፤ የባክቴሪያው ዘር ግን በተራ ፍላት አይሞትም፤ እርሱን ለመግደል በግፊት የሚገኝ 121 ዲግሪ ሙቀት ያስፈልጋል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል በምትገኘው ደብረ ብርሃን ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ አይደለም፤ ወደ 90 ዲግሪ ላይ ነው። መንዝ ላይ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል። በቤት የታሸገ ምግብ በዝቅተኛ አገር 10 ደቂቃ እንዲፈላ ሲመከር፣ ለእያንዳንዱ 300 ሜትር ከፍታ አንድ ደቂቃ መጨመር አለበት፤ ስለዚህ በደብረ ብርሃን ወደ 20 ደቂቃ ይደርሳል። ወፍራም ወጥ ዳሩ እየተንተከተከ መሐሉ ለብ ያለ ሊሆን ይችላልና እስከ ውስጡ መፍላቱን ማማሰል ይጠይቃል።

ክቡር አዘጋጅ፦ በጋዜጣዎ በኩል ለጤና ቢሮውና ለኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ማቅረብ የምፈልገው ጥያቄ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ፀረ መርዙ በአገር ውስጥ የሚገኝበት ወይም ከውጭ በአስቸኳይ የሚመጣበት መንገድ፣ የሚጠየቅበት ስልክና የኃላፊው ሥራ መደብ በአንድ ገጽ ተጽፎ በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ያለ ተረኛ ባለሙያ ማንን እንደሚጠራ ይወቅ። ሁለተኛ፣ ከሞረትም ሆነ ከአንኮበር፣ ከእንሳሮም ሆነ ከምንጃር የሚነሣ አምቡላንስ ሁሉ የሚሠራ አምቡ ባግ ይኑረው፤ ሾፌሩም ጭምር መንፋት ይሠልጥን። የእኛው አምቡላንስ ሾፌር ያን ቀን መንፋት ስለሚያውቅ፣ እጄ በዛለ ጊዜ መኪናውን ዳር አቁሞ ለደቂቃዎች ተቀብሎኛል።

ከአክብሮት ጋር

አንድ የጤና መኮንን
ሰሜን ሸዋ